ሬዩኒየን፦ ዝናብ የሚያፈርሳት፣ እሳት የሚሠራት ደሴት

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሬዩኒየን የምትባል ደሴት አለች። የፈረንሳይ ግዛት ናት። ስፋቷ 2,512 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ማልዳ የተነሳ ሰው ዳር ዳሯን በመኪና ዞሮ ማታ እቤቱ ይገባል። ወደ መሃል ልግባ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገደል ነው። አንዱን ገደል ሲጨርስ ሌላ ገደል ይጠብቀዋል። ከገደሉ ሥር ደግሞ መኪና ደርሶበት የማያውቅ መንደር አለ።

ፎቶዋን ያየ ሰው ሁሉ «ይህ መሬት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተተለተለው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ይዞ የሚሄድ ሰው ደሴቷን እንደ መጽሐፍ ያነባታል። ሳያውቅ የሄደ ግን ጉም አይቶ ሊመለስ ይችላል።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። ሬዩኒየን በሁለት እሳተ ገሞራዎች የተሠራች ናት። አንዱ ሞቷል፣ ሌላው በሕይወት አለ። የሞተውን ዝናብ እያፈረሰው ነው። ሕያው የሆነው ዛሬም መሬት እየጨመረ ነው። በየትኛው ወር መሄድ እንደሚሻል፣ በስንት ሰዓት መነሳት እንደሚያስፈልግ፣ የት መዋኘት እንደሚቻል፣ መንገድ ለምን በድንገት እንደሚዘጋ፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱን ግን በእኛው።)

ምድጃው አይንቀሳቀስም፣ ምጣዱ ይንቀሳቀሳል

እኛ እሳተ ገሞራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኤርታ አሌ ነው። የአፋሩ እሳት የሚወጣው መሬት እየተሰነጠቀ በሚለያይበት ቦታ ነው። የሬዩኒየን አፈጣጠር ከዚህ ይለያል። ከምድር ጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣ ሙቀት አለ። ይህ ሙቀት እንደ ምድጃ አንድ ቦታ ላይ ይነዳል። ከላዩ ያለው ጠንካራ የምድር ቅርፊት ግን በዓመት በሴንቲ ሜትር እየተለካ ይንሸራተታል።

ምጣዱን ጥዳችሁ እሳቱን ሳትነኩ ምጣዱን ቀስ እያላችሁ ብትጎትቱት ምን ይሆናል? እንጀራው ላይ በተርታ የተቃጠሉ ቦታዎች ይታያሉ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቃጠሎ ሕንድ ውስጥ ያለው፣ ከላቫ (ከምድር ቀልጦ ከወጣ ዓለት) የተሠራው የዴካን አምባ ነው። ዕድሜው ወደ 66 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ማልዲቭስን ታገኛላችሁ። ከዚያ ሞሪሸስ አለች፣ ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አሁን ምድጃው ላይ የተጣደችው ሬዩኒየን ናት። ከባሕር በላይ የሚገኙት ጥንታዊ ድንጋዮቿ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። በምድር ዕድሜ ሲታይ ገና ጨቅላ ናት።

ከምድጃው የራቀ ደሴት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቀስ እያለም ይሰጥማል። ማልዲቭስ ለጥ ያለችው ለዚህ ነው። የድሮው ተራራዋ ከውኃ በታች ወርዶ፣ ከላዩ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ስስ መሬት ብቻ ቀርቷል። ሞሪሸስ መሃል መንገድ ላይ ናት፤ ተራራዋ ዝቅ ብሏል፣ ዙሪያዋን ኮራል አጥሯታል። ሬዩኒየን ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። እኛ የምናየው ደግሞ ጫፏን ብቻ ነው። በአካባቢው ባሕሩ 4,000 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ከታች ከመሠረቷ ጀምራችሁ ብትለኳት ቁመቷ ወደ 7,000 ሜትር ይደርሳል። ከራስ ዳሸን ትበልጣለች ማለት ነው።

ይህ የዕድሜ ነገር የባሕር ዳርቻውንም ይወስነዋል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሞተው ተራራና ያረደው ውኃ

ትልቁ ተራራ ፒቶን ዴ ኔዥ ይባላል፤ «የበረዶ ጫፍ» እንደ ማለት ነው። ከፍታው 3,070 ሜትር ገደማ ሲሆን ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የሚስተካከለው ተራራ የለም። እሳት ከተፋ ወደ 12,000 ዓመት ሆኖታል።

እሳት የማይተፋ ተራራ ራሱን አይጠግንም። ዝናብ የወሰደበትን የሚተካለት የለም። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ ደግሞ ቀላል ዝናብ አይደለም።

ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ውቅያኖሱን ሲያቋርጥ እርጥበት ጠጥቶ ይመጣል። ድንገት 3,000 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ ፊቱ ይቆማል። መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን ውኃ እዚያው ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ደርቆ ነው። ስለዚህ ምሥራቃዊው ተዳፋት ላይ በዓመት እስከ 10 ሜትር የሚዘንብበት ቦታ አለ። በሚሊ ሜትር አልተሳሳትኩም፣ 10 ሜትር ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ዝናብ የሚያገኙ ቦታዎች አሉ። በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ከደን ወጥታችሁ ቁልቋል መሃል ትገባላችሁ።

አውሎ ነፋስ ሲመጣማ አይጣል ነው። አዲስ አበባ ክረምቱም በልጉም ተደምሮ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በ1966 ጃንዋሪ፣ ደኒስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ፣ ፎክ ፎክ በሚባል ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር ዘነበ። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከሚወርደው የሚበልጥ ውኃ በአንድ ቀን ወረደ ማለት ነው። በ2007 ፌብሩዋሪ ጋሜድ የተባለው ሌላው አውሎ ነፋስ በሦስት ቀን ከ3,900 ሚሊ ሜትር በላይ አወረደ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ናቸው።

ይህን ያህል ውኃ በስንጥቅጥቅ ላቫ ላይ ለሺህ ዘመናት ሲወርድ ተራራው ይናዳል። ፒቶን ዴ ኔዥም በሦስት በኩል ተንዶ ሦስት ግዙፍ ጉድጓዶች ተፈጠሩ። ፈረንሳዮቹ «ሰርክ» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ሰርክ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ገበቴ ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ትናንሽ ኮረብታዎች፣ መንደሮችና ወንዞች ተበትነዋል። ስሜን ተራሮች ላይ የቆመ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል። ስሜንም የድሮ ላቫ ነው፣ እሱንም የቀረጸው ውኃ ነው። ዩኔስኮ እነዚህን የሬዩኒየን ጫፎች፣ ሰርኮችና ገደሎች በ2010 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሳላዚ ነፋሱ ቀድሞ የሚያገኘው ነው። አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴው ለቁጥር ያስቸግራል። በስተደቡብ ያለው ሲላኦስ ደረቅ ይላል። ወደ ሲላኦስ የሚወስደው መንገድ 400 ያህል መጠምዘዣ አለው ይባላል። መኪና የሚያዞረው ሰው ሆዱን ቀለል አድርጎ ይነሳ። ሲላኦስ በምስሩ የታወቀ ነው። ፍሬው ትንንሽ፣ ጣዕሙ የበረታ ነው። ከሩዝና ከቃሪያ ማባያ ጋር ይቀርባል። ከቤቱ የራቀ የእኛ ሰው ያንን ሳህን ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ማፋት ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ለማፋት ስጡት።

ማፋት የመኪና መንገድ የለውም። ወደ 800 የሚሆኑ ሰዎች ይኖሩበታል። ወይ በእግር ይገባል፣ ወይ በሄሊኮፕተር። ሲሚንቶው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ የሱቁ ዕቃ በአየር ነው የሚመጣው። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ተማሪ ቤት አላቸው። ማይዶ ከሚባለው፣ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ብታዩ፣ ከታች ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ያብረቀርቃሉ። እዚያ ለመድረስ ግን የሰዓታት እግር መንገድ ነው።

ሰው ለምን እዚያ ገባ? ከባርነት አምልጦ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደሴቷን ቡናና ሌላውን እርሻ የሚሠሩት ከማዳጋስካርና ከአፍሪካ ምድር ተግዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ያመለጡት ወደ ገደሉ ሸሹ። ማፋት የሚለው ስም ራሱ ካመለጡት የአንዱ መሪ ስም ነው። ፈረስ የማይገባበት፣ ገዥ የማይደርስበት ቦታ መረጡ። ባርነት የተሻረው በ1848 ዲሴምበር 20 ነው። በዚያ ቀን ከ60,000 በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። ቀኑ ዛሬም በደሴቷ የሕዝብ በዓል ነው። ስለዚህ ማፋትን እንደ ቆንጆ ሸለቆ ብቻ አይቶ ማለፍ ደግ አይመስለኝም። የዝናቡ ሥራ ለእነዚያ ሰዎች ምሽግ ሆኗቸዋል።

ሕያው የሆነው

ሁለተኛው ተራራ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ነው። ስሙ «የእቶን ጫፍ» ማለት ነው። ከፍታው 2,632 ሜትር ነው። በዓለም ላይ ደጋግመው እሳት ከሚተፉት ተራሮች አንዱ ነው። አንዳንዴ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓመታት ዝም ይላል።

ታዲያ ሰዎች እንዴት ሳይፈሩ ቆመው ያዩታል? ነገሩ የላቫው መቅጠን ነው። ቀጭን ሽሮ ሲፈላ አየሩ ቶሎ ቶሎ እየወጣ ፏ ፏ ይላል። ገንፎ ግን አየሩን አፍኖ ይይዝና ድንገት ዘሎ እጅ ያቃጥላል። የሚፈነዱት አስፈሪ እሳተ ገሞራዎች የገንፎ ዓይነት ናቸው። የፉርኔዝ ላቫ የቀጭኑ ዓይነት ነው። ጋዙ ብዙም ስለማይታፈን ተራራው አብዛኛውን ጊዜ ይፈሳል እንጂ አይፈነዳም። እየፈሰሰም ስለሚነጠፍ ቅርጹ እንደ ተጋደመ ጋሻ ሰፊ ነው።

ሌላው ነገር አጥሩ ነው። ጫፉ ያለው ኦንክሎ በሚባል ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መሬቱ ድሮ ተደርምሶ የተፈጠረ ነው። ሦስት ጎኑ በቀጥ ያለ ገደል ታጥሯል፣ በአንድ ጎኑ ወደ ባሕር ክፍት ነው። ላቫው በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ይወጣና ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሰው የማይኖርበት ይህ ቁልቁለት ግራን ብሩሌ ይባላል፤ «ታላቁ ቃጠሎ» ማለት ነው።

አጥሩን የሚዘልበት ጊዜ ግን አለ። በ1977 አፕሪል ላቫው ከኦንክሎ ውጪ ወጥቶ ወደ ፒቶን ሰንት ሮዝ መንደር ወረደ። ሕዝቡ ሸሽቶ ነበርና የሞተ ሰው የለም፣ ቤቶች ግን ጠፉ። ላቫው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመ፤ ለሁለት ተከፍሎም በግራና በቀኝ አለፈ። ዛሬ ሕንፃው «የላቫዋ እመቤታችን» ይባላል። በሩ ፊት ስትቆሙ ጥቁሩ ድንጋይ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እንደ ወፍራም የተጠቀለለ ገመድ ተጣጥፎ ቀርቷል። ምእመናኑ ተአምር ነው ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ተራራውን የሚጠብቅ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው። ቀልጦ የሚወጣው ዓለት መንገድ ለማግኘት ድንጋይ ይሰነጥቃል። ሲሰነጥቅ ሰው የማይሰማው ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ይፈጠራል። ተራራውም እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እብጠት ነው። መሣሪያዎቹ ሁለቱንም ይለካሉ፣ ከመሬት የሚወጣውን ጋዝም ይመረምራሉ። ምልክቱ ሲበዛ አስተዳደሩ ወደ ኦንክሎ የሚያስገባውን በር ይዘጋል። ጎብኚ ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ በሩ ላይ ደርሶ «ዝግ ነው» ሊባል ይችላል። ያናድዳል። ግን ያ በር የሚዘጋው ከሥራችሁ ያለው መሬት መንቀሳቀስ ስለጀመረ ነው። ሰንሰለቱን ዘላችሁ እንዳትገቡ አደራ።

በሩ ክፍት ከሆነ ጉዞው የሚጀምረው ፓ ደ ቤልኮምብ ከሚባለው የገደል አፋፍ ነው፤ 2,311 ሜትር ላይ ነው ያለው። ወደዚያ ስትሄዱ ፕሌን ዴ ሳብልን ታቋርጣላችሁ። ቀይና ጥቁር አሸዋ የለበሰ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። ከአፋፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች ወርዳችሁ ኦንክሎ ውስጥ ትገባላችሁ። መጀመሪያ የምታገኙት ፎርሚካ ሊዮ የምትባል ትንሽ ቀይ ጉብታ ናት፣ በ1753 የተፈጠረች። ከዚያ ነጭ ቀለም የተቀባውን ምልክት ተከትላችሁ በላቫ ላይ ትሄዳላችሁ። እስከ ዋናው ጉድጓድ አፋፍ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ውኃም የለም። ጉም ከወረደ ምልክቱ ይጠፋል፤ ሰው የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ጠፍቶ ነው። ጫማ ጠንካራ ይሁን፣ ድንጋዩ እንደ መስታወት ይቆርጣል።

ዋናው ጉድጓድ ዶሎምዩ ይባላል። በ2007 አፕሪል ላቫው ከታች በጎን በኩል በብዛት ወጣ። ከሥሩ ሲጎድል የጉድጓዱ ወለል የሚይዘው አጣና በጥቂት ቀናት ውስጥ 300 ሜትር ያህል ወደ ታች ሰመጠ።

መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ወረቀት

ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ነው። ለእግር ጉዞ እሱ ይሻላል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሙቀትና አውሎ ነፋስ ነው። በደረቁ ወራት ዳርቻው ላይ በሸሚዝ የሚኬድ ሲሆን ከላይ ግን ሌሊት ውኃ ሊረጋ ይችላል። ጋቢ የሚያህል ነገር ያዙ።

ከወሩም በላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ከባሕር በኩል እርጥብ አየር ሽቅብ ይሳባል። ከፍ ሲል ጉም ይሆናል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በኋላ ሰርኮቹ ነጭ ጥጥ የተሞሉ ይመስላሉ። ማይዶ ላይ በ5 ሰዓት የደረሰ ሰው ማፋትን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ጎህ ሲቀድ የደረሰ ግን ሁሉንም ያያል። ፒቶን ዴ ኔዥ የሚወጡትም ከጫፉ ሥር ባለው ማደሪያ አድረው፣ ሌሊት ተነስተው፣ ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ይደርሳሉ።

ባሕሩን በተመለከተ ደግሞ ያልኩትን የዕድሜ ነገር አስታውሱ። ኮራል አጥር ለመሥራት ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ሬዩኒየን ወጣት ስለሆነች ያላት የኮራል አጥር አጭር ነው፣ እሱም በምዕራብ በኩል። ከዚያ ውጪ ባሕሩ ቶሎ ይጠልቃል፣ ማዕበሉም ኃይለኛ ነው፣ ሻርክም አለ። ከ2011 ጀምሮ ሰው በተደጋጋሚ በሻርክ ከተነከሰ በኋላ፣ በ2013 ከተከለለው የኮራል ውኃና ጥበቃ ካለባቸው ቦታዎች ውጪ መዋኘት ተከለከለ። ለመዋኘት በምዕራቡ ዳርቻ ያሉት ኤርሚታዥና ላ ሳሊን በቂ ናቸው። ውኃው እስከ ወገብ ነው፣ ዓሣው ከእግራችሁ ሥር ያልፋል። ሰፊ ነጭ አሸዋ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ሞሪሸስ ቢሄድ ይሻለዋል።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሬዩኒየን ፈረንሳይ ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ነው፣ ግን የሸንገን ክልል ውስጥ አይደለችም። ፓስፖርቱ ላይ የሸንገን ቪዛ ስላለ ብቻ «አውሮፓ ነው» ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው ችግር ሊገጥመው ይችላል። አውሮፓ የምትኖሩም ሆነ ከአዲስ አበባ የምትነሱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የፈረንሳይን ቆንስላ ጠይቁ። ከፓሪስ በረራው 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከሞሪሸስ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቡና፣ ቫኒላና የላቫው መንገድ

ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ስኒ ቡና ጠጡ። ምክንያት አለኝ። ፈረንሳዮች በ1715 የቡና ተክል ከየመን፣ ከሞካ፣ ወደዚህች ደሴት አመጡ። ደሴቷ ያኔ ቡርቦን ነበር ስሟ። ዛሬ ከብራዚል እስከ ሩዋንዳ የሚተከለው ቡርቦን የተባለው የቡና ዓይነት ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ተክሉ ወደ የመን የሄደው ደግሞ ከእኛው ጫካ ነው።

የምሥራቁ ዝናባማ ዳርቻ የቫኒላ አገር ነው። ቫኒላ ከሜክሲኮ የመጣ ሐረግ ነው፤ እዚህ አበባውን የሚያዳቅልለት ነፍሳት ስለሌለ ፍሬ አይሰጥም ነበር። በ1841 ኤድሞንድ አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መላውን አገኘ። በባርነት የተያዘ ልጅ ነበር። በቀጭን ስንጥር የአበባዋን ስስ ሽፋን ከፍ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ወንዴውን ከሴቴው አገናኘ። የዓለም የቫኒላ እርሻ ዛሬም በዚያው የእጅ ሥራ ነው የሚሄደው። እሱ ግን በ1880 በድህነት ሞተ። የቫኒላ እርሻ ስትጎበኙ ሠራተኛዋ ያንን እንቅስቃሴ ታሳያችኋለች። ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል። ስሙን ጠይቋት።

ከዚያ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ግራን ብሩሌን ያቋርጣል። መንገዱ ዳር ምልክቶች ቆመዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ላቫው የወረደበት ዓመት ተጽፎበታል። ከመኪና ወርዳችሁ ድንጋዩን ተጠግታችሁ እዩት። አዲሱ ላቫ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ምንም አልበቀለበትም። ትንሽ የቆየው ግራጫ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሷል። ሻጋታ አይደለም፣ ሊከን የሚባለው የድንጋይ ሽበት ነው። ድንጋዩን መፍጨት የሚጀምረው የመጀመሪያው ሕይወት ይህ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በስንጥቁ ውስጥ ፈርን አብቅሏል። የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለው ላይ ትናንሽ ዛፎች ቆመዋል። ዓመቱን ሳታነቡ በቅጠሉ ብቻ መገመት ትችላላችሁ።

የ2007ቱ ላቫ ከሁሉም ወፍራም ነው፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል። መንገዱን ቀብሮ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰዎቹ መንገዱን በላዩ ላይ መልሰው ሠሩት። ላዩ ቶሎ ቢቀዘቅዝም ሆዱ ለረጅም ዘመን ትኩስ ሆኖ ቆየ። የዚያ አካባቢ ዝናብ ደግሞ አይቀርም። ዝናቡ ሲጥል ውኃው በስንጥቁ እየሰረገ ይገባል፤ ላቫው ከወረደ ከዓመታት በኋላም እዚያ ያለፉ ሰዎች ከጥቁሩ ድንጋይ ነጭ እንፋሎት እየተነሳ አይተዋል።